ርካሹን አውሮፕላን በምን እንመዝነው?

በፕላስቲክ ተገጣጣሚ አውሮፕላኖች ላይ የሚጻፈውን ሂስ ለብዙ ዓመታት ሳነብ፣ ሐያስያኑ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሥርዓት እንደሚከተሉ አስተውያለሁ። ሣጥኑን ይከፍታሉ፤ ክፍሎቹን ይቆጥራሉ፤ ማስመሪያና የእውነተኛውን አውሮፕላን ንድፍ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ ክንፉ በአንድ ሚሊሜትር ማጠሩን፣ የጎማው ጥርስ አለመቀረጹን ይመዘግባሉ፤ ከዚያም ሣጥኑን መልሰው ይከድኑታል። አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር አጋጥመው ያዩ ጥቂቶች ናቸው። በእኔ ሙያ ራጁን ብቻ አይቶ፣ በሽተኛውን ሳይዳስስ የሚፈርድ ሐኪም አይመሰገንም። ሳይገጣጠም የተፈረደበት ሞዴልም እንዲሁ ገና አልተመረመረም።

ለውድ ሞዴል ይህ ልማድ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ገዢው ሞረድ፣ ስቱኮና ትዕግሥት ያለው ጎልማሳ ነውና ጉድለቱን ራሱ ያርመዋል። በአንድ ምሳ ዋጋ የሚሸጠውን ሞዴል የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፤ አለዚያም ለልጁ ስጦታ የሚፈልግ፣ ስለ ነገሩ ምንም የማያውቅ ወላጅ። ስለዚህ ርካሹ ሞዴል የራሱ መመዘኛ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። መመዘኛውም ከሁሉ አስቀድሞ ክፍሎቹ እርስ በርስ መግጠማቸው ነው።

ርካሽነት ለዚህ ዕቃ እንግዳ ጠባይ አይደለም፤ አብሮት አድጓል። ኤርፊክስ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ የመሠረተው ኒኮላስ ኮቭ ከሀንጋሪ የመጣ ስደተኛ ነበር (ስደተኛ አንባቢ ይህን ልብ ማለቱ አይቀርም፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው በ1952 «ጎልደን ሃይንድ» የተባለችውን ትንሽ መርከብ በዉልዎርዝ መደብሮች በሁለት ሺሊንግ ሲያቀርብ፣ ዋጋው ከዚያ እንዳያልፍ ሲባል በሣጥን ፋንታ በፕላስቲክ ከረጢት ታሸገች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን በዚያው ዓይነት ከረጢት ተከተለ። የዚያ የመጀመሪያ ስፒትፋየር ቅርጽ ብዙም የሚያስመሰግን አልነበረም፤ የተሻለው በ1960 ወጣ። ይሁንና በከረጢቱ ውስጥ አንድ ጥሩ ሐሳብ ነበረ፤ መቆጠብ ካስፈለገ ከማሸጊያው ይጀመር የሚል።

አሠራሩን ማወቅ ለፍርድ ይረዳል። የቀለጠ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት በሁለት የብረት ቅርጽ ማውጫዎች መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ይገባል፤ በርዶ ሲጠነክር ብረቱ ይከፈትና ክፍሎቹ በትንንሽ ዘንጎች እየተገፉ ይወጣሉ። ፕላስቲክ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ከዚህም የተነሣ ወፍራም በሆነበት ቦታ ላዩ ይሰረጉዳል። ብረቱ ከብዙ ዘመን አገልግሎት ሲያረጅ ጠርዙ ይላላና ፕላስቲኩ ከመስመሩ አልፎ እንደ ስስ ቅጠል ይፈሳል። ሁለቱ ብረቶች በጥቂቱ ከተዛነፉ፣ ክብ መሆን የሚገባው የማረፊያ እግር በመካከሉ ደረጃ ያወጣል። ክፍሉ በቅጡ ሳይበርድ ከወጣ ደግሞ ይጣመማል። እነዚህ ሕመሞች በክብደት እኩል አይደሉም። ስሱን ትርፍ በምላጭ መላጨት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ስርጉዱንም ስቱኮ ይሞላዋል። የተጣመመ አካል ግን በቀላሉ አይድንም። ሐያስያኑ ብዙ ቀለም የሚያፈሱት ለትርፉና ለስርጉዱ ነው፤ ፎቶግራፍ ላይ ጎልተው የሚታዩት እነርሱ ናቸውና።

በአውሮፕላኑ ገላ ላይ ስለሚታዩት የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮችም ክርክሩ ማለቂያ የለውም። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች መስመሮቹ ጉብ ብለው ይታያሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብረት ላይ የተጫረ ጭረት ፕላስቲኩ ላይ ጉብ ብሎ ይወጣል። መስመሩ እንዲሰምጥ ከተፈለገ ብረቱ ዙሪያውን ተፍቆ መስመሩ ብቻ ከፍ ብሎ መቅረት አለበት፤ ያ ደግሞ በእጅ ይሠራ በነበረበት ዘመን ብዙ ድካም ይጠይቅ ነበር። ዛሬ የሰመጠው መስመር የጥራት፣ ጉብ ያለው የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ግን ሒሳቡን እጠይቃለሁ። ሰባ ሁለት ጊዜ ባነሰ ሞዴል ላይ 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቦይ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ14 ሚሊሜትር በላይ ነው። እንዲህ የተሰነጠቀ አውሮፕላን ላይ የሚሳፈር አብራሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በዚህ ረገድ ብዙ የተሳቀበት ማችቦክስ ነው። ከ1973 ጀምሮ ያወጣቸው ሞዴሎች ቦዮቻቸው ለዘር የታረሰ መሬት ይመስላሉ። ሳቁ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን አይደለም። ማችቦክስ ፕላስቲኩን በሁለትና በሦስት ቀለም ያወጣው ቀለም መግዣ የሌለው ልጅ እንኳ ዥንጉርጉር አውሮፕላን እንዲኖረው ነበር። ሌላው ሁሉ ስፒትፋየር ሲደጋግም፣ እርሱ ሄይፎርድን፣ ስትራንሬርንና ዌልስሊን የመሳሰሉ የተረሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖችን ለልጆች አቀረበ። ከቦዩ ጥልቀት በፊት ይህ ሊጻፍለት ይገባ ነበር።

አንድ ጊዜ የወዳጄ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ታዳጊ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አምራች ያወጣውን ተዋጊ አውሮፕላን ይዞ ወደ እኔ መጣ። አካሉን አጣብቋል፤ ክንፉ ግን በአንድ ወገን በደንብ ሲቀመጥ በሌላው የጤፍ ሳይሆን የስንዴ ቅንጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ትቷል። ሙጫ ደጋግሞ ስላፈሰሰበት ፕላስቲኩ ሟሙቷል።

«ጋሼ፣ እጄ አይረባም» አለኝ።

የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ከአውሮፕላኑ በፊት እጁን አየሁ። የማይንቀጠቀጥ፣ ጥፍሩ ላይ ሙጫ የደረቀበት ደኅና እጅ ነው። አባቱ ከዚያው ሞዴል ሌላ ያልተነካ ሣጥን ገዝቶለት ስለነበር፣ የአካሉን አንድ ግማሽ ከፍሬሙ ቆርጠን ጠፍጣፋውን ጠርዝ ወደ ታች አድርገን በመስተዋት ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። ጭራውን ስጫን አፍንጫው ተነሣ።

«ታዲያ የማይረባው ማን ነው?» አልኩት።

እየደጋገመ ተጫነው። አፍንጫው በተነሣ ቁጥር ይስቅ ነበር። ይህ ሞዴል በታተመ ሂስ ለመስመሮቹ ቅጥነት የተመሰገነ ነው። ምስጋናውን የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ነገር ግን ልጅ የፋብሪካን ጥፋት ከእጁ ጥፋት የሚለይበት ዕውቀት የለውም፤ ያንን ሊነግረው የሚችለው ሐያሲው ብቻ ነበር።

«ሞዴል መምሰል አለበት፤ የማይመስል ነገር ቢገጥም ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ደግ ጥያቄ ነው። የስፒትፋየር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው፤ በ1/72 መጠን 156 ሚሊሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ አንድ ሚሊሜትር ቢጎድል የእውነተኛው 7.2 ሴንቲሜትር ነው፤ ማስመሪያ ያልያዘ ዓይን አያገኘውም። ክንፉ ከአካሉ ሲወጣ ወደ ላይ የሚያነሣው 6 ዲግሪ ግን ቢዛባ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ይታወቃል፤ አውሮፕላኑ ክንፉ የተሰበረ ወፍ ይመስላል። ይህን ዘንበል የሚወስነው ደግሞ መጋጠሚያው ነው። ስለሆነም በርካሽ ሞዴል መምሰልና መግጠም የሚለያዩበት ቦታ ሐያስያኑ ከሚያስቡት ያነሰ ነው።

ኤርፊክስ በ2010 እንደ አዲስ ያወጣው ትንሹ ስፒትፋየር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መስመሮቹ ጥቂት ደመቅ ይላሉ፤ ቅርጹ ግን ስፒትፋየር ነው፤ ለዋጋውም በደንብ ይገጥማል። ከዚህ በላይ ደፋር የምለው ዝቬዝዳ የተባለው የሩስያ ኩባንያ ነው። ያክ-3 እና ላ-5 የተባሉትን የሶቪየት ተዋጊዎች ያለ ሙጫ እንዲገጣጠሙ አድርጎ በ1/72 አውጥቷል። ሙጫ የሌለበት ሞዴል ጉድለቱን የሚሸፍንበት ነገር የለውም፤ ወይ ይገጥማል፣ ወይ ከእጅ ላይ ይወድቃል።

ገዢው ሊነገረው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ የቅርጽ ማውጫው ዕድሜ። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ቀን ይጻፋል። በሞዴል ሣጥን ላይ ያለው ዓመት ግን ብዙ ጊዜ የሣጥኑ ነው፤ ውስጡ የሃምሳ ዓመት ብረት ውጤት ሊሆን ይችላል። ብረቱም እንደ ሰው አገር ይለውጣል። ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ምርት በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲያበቃ፣ ብዙዎቹ ቅርጽ ማውጫዎቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሻግረው ውጤታቸው በኖቮ ስም ተሸጠ። የጀርመንና የጃፓን አውሮፕላኖችን ሶቪየቶች ስላልወሰዷቸው እነዚያ ወደ ሬቬል ሄዱ። አዲስ ሥዕል ባለው ሣጥን ውስጥ አሮጌ ሞዴል መሸጥ ኃጢአት አይደለም፤ ዕድሜውን ደብቆ መሸጥ ግን ገዢን ማታለል ነው።

ለእኛ አገር ሰው ቅርብ የሆነውን አንድ ሞዴል ላንሣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ዳግላስ ሲ-47 በተባለው አውሮፕላን ነው። ኤርፊክስ ይህን አውሮፕላን በ1/72 ሁለት ጊዜ ሠርቶታል፤ አንዱ የ1960፣ ሁለተኛው የ2014 ነው። የፊተኛው ገላው በሙሉ በሪቬት ተሸፍኗል፤ ከሩቅ ሲያዩት ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። የሁለተኛው ላዩ ለስላሳ ነው፤ ዋጋው ግን ርካሽ ከሚባለው ወሰን አልፏል። የኢትዮጵያን አየር መንገድ ምልክት የሚፈልግ ሰው ተለጣፊውን ለብቻው አፈላልጎ መግዛት ወይም በብሩሽ መሳል አለበት። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲሜትር ስለሚሆን፣ ክብደቱን የሚሸከመውን መጋጠሚያ ሙጫ ከመቀባቱ በፊት በላስቲክ አስሮ ደጋግሞ ይሞክረው። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የ1960ውን ያገኘ ሰው ሪቬቶቹን በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ለማለስለስ ሁለት ምሽት ይበቃዋል፤ ለጀማሪ ልጅ ግን አልሰጠውም።