ቁልፉን ማን አየው?

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ የመኪና ቁልፍ ላይ ነው። ቁልፉ በአንዲት ጠባብ መኝታ ክፍል ወለል ላይ፣ ከነጠላ ጫማ አጠገብ ወድቆ በፖሊስ ካሜራ ተነሥቷል። ሰማያዊ የጨርቅ ማንጠልጠያ አለው። ከሩቅ ላየው ሰው ከኪስ ሾልኮ የወደቀ ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ያ ክፍል ከዚያ ቀን በፊት ተፈትሿል፤ አልጋው ታይቷል፣ ልብሱ ተገላብጧል፣ መደርደሪያው ተነካክቷል። ቁልፍ ያየ አልነበረም። ታዲያ ያን ቀን ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች አፍ ውስጥ ያስገባው «ሜኪንግ ኤ መርደረር» የተባለው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ነው። «ነፍሰ ገዳይ ሲሠራ» ብንለው ከአሳቡ ብዙ አንርቅም። ሎራ ሪቻርዲና ሞይራ ዲሞስ አሥር ዓመት ደክመውበት፣ ኔትፍሊክስ በዲሴምበር 2015 አሥሩን ክፍል በአንድ ቀን ለቀቀው። ሌላ አሥር ክፍል በ2018 ተከተለ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ጓደኛዬ «ሳልተኛ አነጋኝ» ብሎ ነበር የሰጠኝ። እኔንም አላስተኛኝም። ያላስተኛኝ ምክንያት ግን ከእርሱ የተለየ ሆኖ አገኘሁት።

ታሪኩን ላላዩት በአጭሩ ልበል። ስቲቨን አቬሪ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ማኒቶዎክ በሚባል አውራጃ፣ ቤተሰቡ አሮጌ መኪና እየፈታ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሰፊ ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። በ1985 አንዲት ሴት ደፍረሃል ተብሎ ተፈረደበት። በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበር 16 ሰዎች መስክረውለት ነበር፤ የሰማቸው የለም። በ2003 የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ወንጀሉን የፈጸመው ሌላ ሰው መሆኑን አሳየና ከ18 ዓመት እስራት በኋላ ተፈታ። አውራጃውን በ36 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ። ክርክሩ ገና ሳያልቅ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 2005 ቴሬሳ ሃልባክ የተባለች የ25 ዓመት ፎቶግራፍ አንሺ፣ ለሽያጭ የቀረበ መኪና ልታነሣ ወደዚያ ግቢ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አልታየችም። ከአምስት ቀን በኋላ መኪናዋ በግቢው ዳር፣ ቅርንጫፍና ሳንቃ ተደግፎበት ተገኘ። ከአቬሪ ጋራዥ ጀርባ ካለው የእሳት ጉድጓድ ደግሞ የተቃጠለ አጥንት ወጣ።

የፊልሙ ኃይል ከዚህ ይጀምራል። የተከሰሰ አውራጃ ከሳሹን ሊመረምር አይገባም ተብሎ ምርመራውን ጎረቤቱ የካሉሜት አውራጃ እንዲመራው ተደረገ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ግን የማኒቶዎክ ሰዎች ለ«እገዛ» በብርበራው ገቡ። የአውራጃዋ የአስከሬን መርማሪ የጥቅም ግጭት አለ ተብላ ከቦታው እንድትርቅ ሲነገራት፣ በአቬሪ የፍትሐ ብሔር ክስ ጉዳይ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቃላቸውን የሰጡት መቶ አለቃ ሌንክና ሳጅን ኮልቦርን ግን የተከሳሹን መኝታ ክፍል እንዲፈትሹ ተፈቀደላቸው። ቁልፉን ኖቬምበር 8 ቀን ያገኙት እነርሱ ናቸው። ከካሉሜት የተመደበው ፖሊስ አብሯቸው በክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ሲወድቅ ግን አላየም። ኮልቦርን መደርደሪያውን እየነቀነቀና እያጋጨ ሲፈትሽ ከጀርባው ወድቆ ይሆናል ተባለ። በቁልፉ ላይ የተገኘው የአቬሪ ዲ.ኤን.ኤ. ነው፤ የመኪናዋ ባለቤት አንዳች ምልክት የለበትም።

ስንተኛው ብርበራ ነበር? ጠበቆቹ በር የተከፈተበትን ቀን ሁሉ እየቆጠሩ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ አንድ ብርበራ ነው፣ በየመሀሉ ተቋረጠ እንጂ ይላል። የዊስኮንሲን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 በዚሁ ሐሳብ ተስማምቷል። ለሕጉ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ለተመልካች ግን ልዩነት አለው፤ አንድ ክፍል አንዴ ሲፈተሽ የሚገኘው ዕቃና ደጋግሞ ሲፈተሽ የሚገኘው ዕቃ እኩል እምነት አያገኝም። ሪቻርዲና ዲሞስ ይህን ስሜት ያለ ተራኪ ድምፅ፣ የፍርድ ቤቱን ምስክርነትና የፖሊሱን ቪዲዮ ብቻ ጎን ለጎን እያስቀመጡ ይሰጡናል። ይህ ሙያ ነው፤ ባርኔጣ ማንሣት ይገባል።

ጥይቱም እንዲሁ ነው። በኖቬምበር የተፈተሸው ጋራዥ በማርች 2006 እንደገና ሲፈተሽ፣ የሟቿ ዲ.ኤን.ኤ. ያለበት የጥይት ስባሪ ተገኘ። ከዚህ ሁለተኛ ፍተሻ በፊት የአቬሪ እኅት ልጅ፣ የ16 ዓመቱ ብሬንደን ዳሲ፣ ያለ ጠበቃና ያለ ወላጅ ለሰዓታት ሲጠየቅ ቆይቶ ገዳዩን ረድቻለሁ ብሎ ነበር። በማግስቱ ዐቃቤ ሕጉ ኬን ክራትዝ ልጆች እንዳያዩ አስጠንቅቆ ያንን ቃል በቴሌቪዥን ፊት ዘረዘረው። የጥይቱ ምርመራ ሲካሄድ ደግሞ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ የራሷ ዲ.ኤን.ኤ. በማነጻጸሪያው ናሙና ውስጥ ገባ። ደንቡ «ውጤት የለውም» ይላል፤ ናሙናው ስላለቀ ግን ከደንቡ ተወጥቶ ውጤቱ ጸደቀ። እነዚህን ክፍሎች ሳይ ይህ ዓይነት ማስረጃ የሰውን ዕድሜ ሙሉ ሊወስድ መቻሉ አንዘፍዝፎኛል። ፊልሙ ሌላ ነገር ባይሠራ እንኳ የልጁን ምርመራ ቪዲዮ ስላሳየን ሊመሰገን ይገባዋል። በ2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ የዳሲን ፍርድ ሽሯል፤ በ2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት ሙሉ ችሎት በ4 ለ3 ድምፅ መልሶ አጽንቶታል። ሰባት ዳኞች ያንኑ ቪዲዮ አይተው ለሁለት ከተከፈሉ፣ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ብናደድ አይፈረድብኝም።

እስከዚህ ድረስ ከጓደኛዬ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ እንለያያለን።

ይህን ፊልም ያየሁት ራሱ ባስተማረኝ ዓይን ነው። ማን አገኘው? ሲገኝ ማን አጠገቡ ነበር? በፊት ያልነበረ ነገር እንዴት ተገኘ? እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ፊልሙ መልሼ ስወረውር ነገር ተበላሸ።

አንደኛው የደሙ ብልቃጥ ነው። በአራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ጠበቆቹ ከአሮጌ የፍርድ ቤት መዝገብ የአቬሪን ደም የያዘ ብልቃጥ ያገኛሉ። የሣጥኑ ማሸጊያ ተቀድዷል፤ በብልቃጡ ክዳን ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ጠበቃ ቡቲንግ በስልክ ሲናገር ደስታው ከድምፁ ይፈልቃል፤ ክፍሉም እዚያው ላይ ይዘጋል። ማን ይተኛል? ግን ደም ወደዚያ ዓይነት ብልቃጥ የሚገባው ክዳኑን በወጋ መርፌ ነው፤ ቀዳዳው መኖሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ይህን ፊልሙ አልነገረንም። ኤፍ.ቢ.አይ. በመኪናው ውስጥ በተገኘው ደም ላይ፣ በብልቃጥ ያለ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረውን ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ፈልጎ አለማግኘቱን ነግሮናል፤ እርሱንም የነገረን ተመልካች ልቡ ከተሰለበ በኋላ ነው። በሁለተኛው ዙር የምናያት የአቬሪ አዲስ ጠበቃ ካትሊን ዜልነር ራሷ የብልቃጡን ነገር ትታ፣ ደሙ ከተከሳሹ የእጅ መታጠቢያ የተወሰደ ነው ወደሚል ሌላ መላ ዞራለች።

የተተወም አለ። በመኪናው ኮፈን መክፈቻ ላይ ከደም ውጭ የሆነ የአቬሪ ዲ.ኤን.ኤ. መገኘቱን ከመጀመሪያዎቹ አሥር ክፍሎች አንሰማም። በወጣትነቱ ድመት በእሳት ያቃጠለበትን ጉዳይ እርሱ እንደ ቀልድ አድርጎ ሲያወራው እንሰማለን እንጂ፣ ድመቷ ላይ ነዳጅ እንዳርከፈከፈ ማንም አይነግረንም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን አንዲት «አዎን» ናት። ኮልቦርን መኪናው ከመገኘቱ ከሁለት ቀን በፊት ለሬዲዮ ክፍሉ ደውሎ የሰሌዳ ቁጥር አጣርቶ ነበር፤ ምናልባት መኪናውን ቀድሞ አይቶታል የሚለው ጥርጣሬ በዚህ ላይ ቆሟል። በፍርድ ቤት ጠበቃ ስትራንግ፣ ይህን ጥሪ የሚሰማ ሰው መኪናውን ከኋላው ቆመህ እያየህ ነበር ብሎ ሊያስብ እንደሚችል ይገባሃል ወይ ሲል ይጠይቀዋል። በፊልሙ ውስጥ ኮልቦርን «አዎን» ይላል። በችሎቱ መዝገብ ግን ለዚያ ጥያቄ መቃወሚያ ቀርቦበት ዳኛው መቃወሚያውን ተቀብለዋል፤ መልስ አልተሰጠም። «አዎን» የተባለው ቀጥሎ ለመጣ ለሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ጥሪ ከዚያ በፊት ካደረግሃቸው በመቶ ከሚቆጠሩ የሰሌዳ ማጣሪያዎች ጋር አይመሳሰልም ወይ ለሚል ጥያቄ። ያቺ ቃል ከነበረችበት ተነሥታ ወደሌላ ክፍል ተወስዳ ወለል ላይ ተቀመጠች። አጠገቧም ማንም አልነበረም።

ኮልቦርን በ2018 ኔትፍሊክስንና ሁለቱን ሴቶች በስም ማጥፋት ከሶ በማርች 2023 ክሱ ውድቅ ሆኗል። በሕግ ዓይን ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ ሕግ ባለሥልጣን ስሜ ጠፋ ሲል የሚጠይቀው ማረጋገጫ ከባድ ነው። ሐያሲ ግን በዚያ ሚዛን አይመዝንም። ፖሊስ ዕቃ አስቀምጧል ብሎ አሥር ሰዓት የሚከስ ሥራ፣ ራሱ በአርትዖት ጠረጴዛው ላይ ዕቃ ሲያስቀምጥ ከተያዘ የቀረውን ማን ያምነዋል? ጓደኛዬ «ጥቃቅን ነገር ነው» አለኝ። የመኪና ቁልፍም ጥቃቅን ነገር ነው።

ይህን ስል አቬሪ ገዳይ ነው ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ጁሪው በማርች 2007 በግድያው ጥፋተኛ ብሎት ሬሳ በማቃጠሉ ክስ ነጻ ሲያወጣው፣ የሬሳውን ነገር በገዳዩ ላይ አላረጋገጡም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቁልፉ በፖሊስ እጅ ተቀምጦ ሰውየው ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ እውነተኛ ሆኖ ፍርዱ የተጣደፈ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ለእነዚህ ለመሀለኞቹ መንገዶች ጊዜ የለውም። በእርሱ ዓለም ብርበራው ከቆሸሸ ተከሳሹ ንጹሕ ነው። ክራትዝ በቴሌቪዥን ፊት የቆመበት ዓለምም ይኸው ነበር፤ ተከሳሹ ከቆሸሸ ብርበራው ንጹሕ ነው ይል ነበር።

በሁለቱ መሀል የጠፋችው ሟቿ ናት። ቤተሰቧ በፊልሙ መሳተፍ አልፈለገም፤ ምርጫቸው ነው። ቢሆንም ሃያ ክፍል ካየሁ በኋላ ስለ መኪናዋ ቀለም፣ ስለ ሰሌዳዋ ቁጥር፣ ስለ ቁልፏ ማንጠልጠያ የማውቀውን ያህል ስለ እርሷ አላውቅም። ሙያዋ የሚሸጥ መኪና እየዞሩ ማንሣት ነበር። ያን ቀንም የመጣችው አንድ አሮጌ መኪና ልታነሣ ነው። ካሜራዋ ተቃጥሎ የተገኘው ከአቬሪ ቤት አጠገብ ባለ የቆሻሻ ማቃጠያ በርሜል ውስጥ ነው።