ሳንኮፋ ወደ መተማም ይዙር

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች ፊት ነሱት። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ግን አዳራሽ እየተከራዩ፣ ከጥቁር ማኅበረሰቡ ጋር እየተደራጁ ከከተማ ከተማ አዞሩት። በኋላም ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ለኔ ከፊልሙ እኩል የሚደንቀኝ ይሄ ነው፤ ቅርስ የሚተርፈው ሰብሳቢ ሰው ሲያገኝ ነው።

ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ፊልሙ ከጋና ምሽግ ወደ ሸንኮራ እርሻ ይወስደናል፤ እኛም ለዛ ባርነት እናለቅሳለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን መተማ ገበያም ሰው ይሸጥ፣ ወደ ሱዳን ይነዳ ነበር። ዛሬ መተማ ሲባል ትዝ የሚለን አፄ ዮሐንስ የወደቁባት መሆኗ ብቻ ነው።

«ሳንኮፋ» በአካን ቋንቋ «ተመልሰህ አምጣ» ነው። የሸጥነውንም ካላመጣን የያዝነው ቅርስ ግማሽ ነው።