ችቦው ሳይለኮስ

ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ የደብረ ታቦር ሰው ቀና ብሎ ጉናን ያያል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ተራራ ደመናውን ከጣለ ማታው ብራ ይሆናል። ካልጣለም ችቦው መለኮሱ አይቀርም፤ የቡሄ ዋዜማ ነውና። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ምሽቱን ነው። እኔ የምወደው ከዚያ በፊት ያለውን ሰዓት ነው። ችቦዎቹ በየደጁና በየአጥሩ ተደግፈው ቆመዋል፤ አሠራራቸው ከራስ እስከ እግር ይታያል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የሠሪውን እጅ የሚያይ የለም፤ ዓይን ሁሉ እሳቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ገና በብርሃን ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ወርጄ በየሰፈሩ እየዞርኩ ችቦ አያለሁ።

ጥሩ ችቦ በመጀመሪያ የሚታወቀው በድርቀቱ ነው። ነሐሴ በደቡብ ጎንደር ደጋ ምድሩም አየሩም ውኃ ያዘለበት ወር ነው፤ በዚያው ሳምንት የተለቀመ ጭራሮ ይጨሳል እንጂ አይነድም። የሚያውቅ ሰው እንጨቱን በበጋ ሰብስቦ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ያኖረዋል። ክረምቱን ሁሉ ጢስ ሲጠጣ ይሰነብታል። ሲወርድ መልኩ ጠየም ብሏል፣ ክብደቱ ቀሏል፣ ሲሰበርም ድምፁ አጭርና ጥርት ያለ ነው። አንድ ሽማግሌ ከእቅፍ ጭራሮ አንዳንዱን እያነሱ ጆሯቸው አጠገብ ቀጭ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ድምፁ የታፈነባቸውን ሳይመለከቱ ወደ ጎን ይጥሉታል። ከእቅፉ ሲሶው ያህል እንዲህ ተጥሎ ቀረ።

ቀጥሎ አደራደሩ ነው። ጠንከር ያለው እንጨት መሃል ይገባል፤ ቀጫጭኑ ዙሪያውን ያለብሰዋል። አንዱ በሚያልቅበት ቦታ ሌላው እንዳያልቅ እያፈራረቁ ይቀጥሉታል፤ መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ ከዋሉ ችቦው እዚያው ላይ ይቀነጠሳል። ከዚያ ልጡ ይመጣል። ከዛፍ የተላጠው ማሰሪያ በእርጥቡ ሲጠመጠም ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይጨመደድና ይጠብቃል። ሽማግሌው ከላይ ጀምረው በየስንዝሩ አንድ ዙር እያሰሩ ወረዱ። መለኪያቸው የገዛ እጃቸው ነው። የላይኛው ማሰሪያ የላላ ስለመሰለኝ፣

«አባቴ፣ ይኼኛው አልላላም?» አልኳቸው።

«ካነቅሁትማ ይጠፋል። ወደ ታች ስወርድ ነው የማጠብቀው» አሉኝ።

የነገሩኝን በዓይኔ ያረጋገጥኩት ማታ ነው። እሳቱ ከራሱ ይዞ ወደ መጀመሪያው ልጥ ሲደርስ ልጡ ይበጠሳል፤ በዚያች ስንዝር የታሰረው እንጨት ፈታ ይልና ነበልባሉ ከፍ ይላል። ከዚያ ሁለተኛው ማሰሪያ ይይዘዋል፤ ነበልባሉ ሰብሰብ ይላል። እንደገና ይፈታል፣ እንደገና ይያዛል። ችቦው የሚነድበትን ልክ ያስቀመጠው ቀን ላይ ያ እጅ ነበር ማለት ነው። ሁለት ቦታ ብቻ ተጠፍሮ የተሠራ ችቦ ግን ባንድ ጊዜ ቦግ ይልና ፍሙን በሰው እግር ላይ ይበትናል።

የሚነድበት ጊዜ ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቅ በዓሉ ራሱ ይናገራል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደተጻፈው ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ፤ ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ፤ ሙሴና ኤልያስም ታዩ። የእኛ አበው ተራራው ታቦር እንደሆነ ያስተምራሉ፤ ይጨምሩበትማል። በአካባቢው የነበሩ እረኞች ከብርሃኑ የተነሣ መምሸቱን ሳያውቁ ውጭ ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ለልጆች የሚሰጠው ሙልሙልም የመጣው ከዚሁ ነው ይባላል። እንግዲህ ችቦ ለጌጥ የተጀመረ አይደለም፤ ልጁን ፍለጋ የወጣ ወላጅ ብርሃን ነው። መንገድ ላይ ሊያልቅ አይገባውም። ሽማግሌው እንጨት በጆሮ ሲመርጡ ያየሁት ጥንቃቄ ከዚህ ጋር አንድ ሆኖ ይሰማኛል።

ደብረ ታቦር ከጌታ ዘጠኝ ዐበይት በዓላት አንዱ ነው፤ ከተማዪቱም ስሟን የወሰደችው ከዚያው ተራራ ነው። በፍልሰታ ጾም መካከል ስለሚውል ገበታው ቅቤም ሥጋም የለበትም፤ ድምቀቱ ዳቦው፣ ጅራፉና እሳቱ ናቸው። የአብነት ተማሪዎችም የራሳቸው በዓል አድርገው ይይዙታል፤ እህል ለምነው ዳቦና ጠላ ያሰናዳሉ።

ስለ ጅራፉ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እረኞቹ ከልጥ ወይም ከቃጫ ይገምዱታል። እጀታው ጋ ወፍራም ነው፤ ከዚያ ፈትሉን አንድ አንድ እያስቀሩ እያቀጠኑ ይሄዳሉ፤ ጫፉ ላይ ከክር ብዙም አይወፍርም። ምስጢሩ ያለው በዚህ መቅጠን ነው። ክንድ የሰጠው ጉልበት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በተሻገረ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ይፈጥናል፤ የምንሰማው ጩኸት አየሩ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ነው። አገማመዱ አንድ ቦታ ላይ ካበጠ ጉልበቱ እዚያው ይሞታል፤ ጅራፉም ዝም ይላል። ከብት ሲጠብቅ ቁጭ ብሎ የገመደ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ልክ በጣቱ ያገኘዋል። ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሲመሽ ተመልሼ ወደ ኮረብታው እወጣለሁ። መጀመሪያ አንድ ቤት ደጅ ላይ ይበራል፤ ወዲያው ጎረቤት ከዚያው ይለኩሳል። ከከተማው መብራት ባሻገር ባለው ጨለማ ውስጥ ደግሞ የገጠሩ ችቦ ይታያል፤ ቤቱ አይለይም፣ ሰውየው አይለይም፤ ቀይ ነጥብ ብቻ ወጣ ገባ እያለ በቁልቁለቱ ይሄዳል። አዲስ አበባ በገና ሰሞን የሆቴሎቹንና የሕንፃዎቹን ባለ ቀለም አምፖል ዞሬ አይቻለሁ፤ ያምራል። በመስቀል አደባባይ የሚለኮሰውን ትልቁን ደመራም አውቀዋለሁ፤ የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ደስታዬ ትልቅ ነበር። የቡሄ ችቦ ግን በሰው እጅ ተይዞ አብሮ የሚራመድ ብርሃን ነው። ከሩቅ ሆኜ ነጥቡ ቦግ ሲልና ሰብሰብ ሲል ስንዝሩን እቆጥራለሁ፤ የትኛው በደንብ እንደታሰረ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ይታወቃል።

ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያን ሁሉ ገደልና ዳገት አስጎትተው ወሰዱት። ስለዚህ አገር እሳትና የእጅ ሥራ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያነሣው ያንን ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ቆጥ ላይ የከረመው ጭራሮም ከዚያው ጋር እንዲነሣ እፈልጋለሁ። መድፉ መቅደላ ላይ ቀርቷል፣ ሄዶ ማየት ይቻላል። ችቦ ግን ምንም አይተርፈውምና ሳይነድ ያላየው ሰው ሥራውን አላየውም።

በማግሥቱ፣ ነሐሴ 13 ጠዋት፣ በሽማግሌው ደጅ ሳልፍ ልጆቹ ጅራፋቸውን ውኃ ነክረው ሊያጮኹ ሲሽቀዳደሙ ነበር። ሽማግሌው ደፍ ላይ ተቀምጠው የችቦውን ጉማጅ እያገላበጡ ያያሉ። የመጨረሻው ማሰሪያ እንዳለ ነው፤ ጠርዙ ጠቁሯል እንጂ አልተበጠሰም። በጥፍራቸው ፈቱት፣ ልጡን በጣታቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፣ ጉማጇንም ወደ ምድጃው ወሰዷት።