ባቡር ጣቢያው ላይ የጠበቃት ሰው

«ጋዝላይት» የተባለውን የቆየ ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። ያኔ ሁለታችንም አላገባንም። በፊልሙ መግቢያ አካባቢ ባቡሩ ሲቆም፣ ያ ሸጋ ሰውዬ ብቅ ብሎ ፓውላን ሲይዛት፣ «ወይኔ! እንዲህ የሚወድ ወንድ የት ይገኛል?» ያልኩት እኔ ነኝ። አልክድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓውላ ጣሊያን አገር ሙዚቃ የምትማር ወጣት ናት። ግሪጎሪ አንቶን ደግሞ ስትለማመድ ፒያኖ የሚጫወትላት ሰው ነው። በተዋወቁ በሁለት ሳምንት እንጋባ ይላታል። ትወደዋለች፤ ቢሆንም ብቻዋን ሆና እንድታስብበት ጊዜ ትጠይቀውና በባቡር ወደ ኮሞ ሐይቅ ትጓዛለች። ስትደርስ ሰውዬው ቀድሟት ጣቢያው ላይ ቆሟል።

ልብ በሉልኝ! የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የነፈጋትም ያንኑ ነው። አልሰደባትም፣ አልመታትም። ናፍቆት የሚመስል ነገር ይዞ መጣ እንጂ። ሐይቁ ያምራል፣ ሙዚቃው ልብ ይሰርቃል፤ ጥያቄዋን እሷም ረሳችው፣ እኛም ረሳነው።

ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1944 የሠራው ጆርጅ ኪዩከር ነው። መነሻው ፓትሪክ ሃሚልተን በ1938 ለመድረክ ያበቃው ተውኔት ሲሆን፣ እንግሊዞችም በ1940 ፊልም አድርገውታል። በሁለቱም ውስጥ ባልና ሚስቱን የምናገኛቸው ከተጋቡ በኋላ ነው። የትውውቁን ወራት የጨመረው የሆሊውዱ ፊልም ነው። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ቁም ነገሩም እዚያ ላይ ነው። ለባልየውም ሻርል ቧዬን፣ ያን ጊዜ በፍቅረኛነት ገጸ ባሕርይ የታወቀውን ተዋናይ መረጡለት። ተመልካቹም አብሮ እንዲታለል ነዋ!

ዛሬ ሰው የሚያወራው ስለ መብራቱ ነው። ባልየው ጣሪያ ሥር ሆኖ የሟች አክስቷን ዕንቁ ሲፈልግ የጋዙ መብራት ይደበዝዛል፤ ሚስቱን ግን «አእምሮሽ ታሟል» ያሰኛታል። የፊልሙ ስም የሰውን አእምሮ ለማሳት መጠሪያ ሆነና በ2022 ሜሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው። ይሁን። ግን መብራቱ ሲደበዝዝ እኮ በሩ ከተዘጋ ቆይቷል! ከዚያ በፊት ለንደን ውስጥ መኖር ምኞቴ ነው ብሎ፣ አክስቷ ወደተገደለችበት፣ ወደምትፈራው ቤት መልሷታል። አንድ ደብዳቤ ስታገኝ ነጥቆ ጮኾባት፣ ወዲያው ተለሳልሷል።

ቅር የሚለኝ መጨረሻው ነው። አንድ መርማሪ ከውጭ መጥቶ ያድናታል። ስንቷ ሴት ናት መርማሪ የሚመጣላት? ኢንግሪድ በርግማን በመጨረሻ ባሏን ፊት ለፊት ስትጋፈጠው ያሳየችው ትወና ባይኖር (ኦስካር ያሸለማት ያለ ነገር አይደለም) መደምደሚያው ተራ የፖሊስ ታሪክ ይሆን ነበር።

በእኛም ዘንድ ደጅ መጥናት ወግ ነው፤ የማይሰለች ወንድ ይመሰገናል። ሽማግሌ ሲላክ የልጁ ዘር ይጠየቃል፣ ሥራው ይጠየቃል። «ቆይ» ሲባል ምን እንደሚያደርግ ግን ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። የምር የሚወድም ሰው ሊቸኩል ይችላል፤ ያ ቸኩሎ የመጣው «ተመለስ» ሲሉት ይመለሳል። ፓውላ ተመለስ አላለችውም፤ እሱም እንድትለው ጊዜ አልሰጣትም።

የአክስቴ ልጅ አግብታ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሻንጣ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። አንድ ማታ ያንኑ ፊልም ደገምነው። ጣቢያው ላይ ሲደርስ አቆመችውና ወደ ኋላ መለሰችው።

«አየሽ፣ መጀመሪያ ደንግጣለች እኮ» አለችኝ።

እውነትም እጅ ድንገት ሲይዛት ትደነግጣለች። ፈገግታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስንት ጊዜ አይቼው አላስተዋልኩም።

«እኔም ደክሞኛል፣ ዛሬ አልችልም ብዬው የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ያገኘሁት ለታ ደንግጬ ላንቺ ነበር የደወልኩት። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

አስታውሳለሁ።