ስለ ጀምበር መጽሐፍና በኮምፒዩተር ስለሚሣል ሥዕል

ዕቃ በሚገባበት መንገድ ዐሳብም ይገባል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በደወሌ፣ በአይሻና በአዲጋላ በኩል የመጣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ጨርቁም ወረቀቱም የባሕር ማዶው ሥዕልም በዚያ ሐዲድ ወደ መሀል አገር ይጓዝ ነበር፤ አዲጋላ ግን ለዚህ ሁሉ ማለፊያ ጣቢያ እንጂ መድረሻ አልነበረችም። ዛሬ ሥዕልና ጽሑፍ የባቡር ጭነት መሆናቸው ቀርቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋሉ። ስለዚህ በአዲጋላ የሚኖር ልጅ የእጅ ስልክ ከፍቶ በሥዕል የተተረከ ታሪክ ለማየት ቢወድ፣ የሚያየው ሥዕል በማን ዐይን የታየ፣ የሚያነበውስ ቃል በማን ቋንቋ የተነገረ ነው ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው። ለዚህ ጥያቄ በ2018 የወጣው ጀምበር የተባለው መጽሐፍ መልካም መነሻ ይሆናል።

ጀምበር፣ ብሥራት ደበበ ባቋቋመው የኮሚክ አሳታሚ ድርጅት የወጣ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሥዕል ተረክ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ፈጽሞ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ እንዲህ ሲንከራተት ሳለ ከሰው ዐቅም በላይ የሆነ ኀይል ድንገት ያገኛል። ከእርሱም በኋላ ሐዊ የተባለች ሴት ጀግና ያለችበት መጽሐፍ ከዚያው ድርጅት ተከተለ። ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና የሚገባው የባለታሪኩ ምርጫ ነው። ደራሲው ጀግናውን ከቤተ መንግሥት ወይም ከሩቅ ኮከብ አላመጣውም፤ ሥራ ካጡት ምሩቃን መካከል አነሣው እንጂ። ልጁን አስተምሮ ሥራ ሲያጣበት ያየ የከተማ ሰው ሁሉ ይህን ወጣት ያውቀዋል። ተአምረኛው ኀይል ከመምጣቱ በፊት የነበረው የኑሮ ጭንቀት እውነተኛ ስለ ሆነ፣ ተአምሩም አንባቢውን ለማሳመን ብዙ አይቸገርም።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ ዛሬ የሚሠራው በአብዛኛው በኮምፒዩተር ነው። ሠዓሊው ታብሌት በሚባለው ሠሌዳ ላይ በልዩ ብርዕ ይሥላል፤ ብርዑም የእጁን ጫና ስለሚለይ፣ ሲጫነው መሥመሩ ይወፍራል፣ ሲያላላው ይቀጥናል። ፎቶሾፕ የተባለው ሶፍትዌር በ1990 ወጣ፤ በ1994 ደግሞ ሌየር የሚባለውን ብልሃት ጨመረ። ሌየር ማለት እንደ መስተዋት ግልጥ ሆኖ አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር ገጽ ነው። ከታች ንድፉ፣ በላዩ ቀለሙ፣ ከዚያ ጥቁሩ መሥመር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊደሉ በየራሱ ገጽ ይቀመጣል፤ አንዱን ቢያርሙት ሌላው አይነካም። ሌሎችም መሣሪያዎች መጡ፤ የሥዕል ተረክ ለሚሠሩ ሰዎች የተበጀው የጃፓኑ ክሊፕ ስቱዲዮ፣ በአይፓድ ላይ የሚሠራው ፕሮክሬት፣ ያለ ዋጋ የሚገኘውም ክሪታ ከእነዚህ ይቈጠራሉ። አይፓድ የሚገዛበት ገንዘብ ለሌለው ወጣት፣ ክሪታ በተራ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ክፍያ መሥራቱ ትልቅ ርዳታ ነው።

ነገር ግን መሣሪያ ሁሉ ከጥቅሙ ጋራ ልማድ ይዞ ይመጣል። በብራና ላይ የሚሥል ሰው መሥመር ቢስት ብራናውን በስለት መፋቅ ነበረበት፤ ስለዚህ እጁን ከማሳረፉ በፊት ያስብ ነበር። በኮምፒዩተር የሚሥለው ግን አንዲት ቁልፍ ነክቶ ስሕተቱን እንዳልነበረ ያደርጋል። ይህ ለተማሪ ድፍረት ይሰጠዋል፤ ለሰነፍ ግን ሳያስቡ መጀመርን ያስለምደዋል። ከዚህም የሚብስ አለ። ሶፍትዌሩ የተዘጋጀ ብሩሽ፣ የተዘጋጀ የሰው አካል አምሳያ፣ የተዘጋጀ የቤትና የመንገድ ሥዕል ያቀርባል። እነዚህን ያሰናዱት ሰዎች ያዩት የራሳቸውን አገር ሰውና ቤት ነው፤ የተዘጋጀውን ሳይመርምር የሚወስድ ሠዓሊም ብሩሹን ብቻ ሳይሆን የእነርሱን አስተያየት ጭምር ይዋሳል።

የጀምበርም ደካማ ጐን በዚህ በኩል ይታያል። ታሪኩ የአዲስ አበባ ሆኖ ሳለ፣ የአካሉ አሣሣል ሱፐርማን በ1938 ከወጣ ወዲህ በአሜሪካ የጸናው የጀግና መጻሕፍት ሥርዐት ነው፤ ጡንቻን የሚያጐላ፣ አካልን በብርሃንና በጥላ የሚያገዝፍ፣ ልብስን ከገላ ጋራ የሚያጣብቅ ነው። ይህ ሥርዐት ለሩጫና ለትግል ይስማማል፤ ወጣቱም አንባቢ ከሲኒማ ስለ ለመደው በቀላሉ ይቀበለዋል። ቢሆንም የአማርኛው ቃል ከገጹ ቢነሣ፣ የሥዕሉ መሥመር ብቻውን የአገሩን ስም አይናገርም።

በኢትዮጵያ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክ ከውጭ የተማሩት ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ነቀፌታ ባልተገባ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ጀማሪው ሠዓሊ በላቸው ይመር እንደ ሆነ የሚነገርለት፣ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በሸራ ላይ በአደባባይ ይሸጥ ጀመር። ሸራው እንደ ገበታ ተከፋፍሎ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ይሣላል፤ በየክፍሉም አጭር የአማርኛ ቃል ይጻፍበታል። ዘንዶው ከተገደለበት አንሥቶ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም እስከ ሄደችበት፣ ቀዳማዊ ምኒልክም እስከ ተወለደበትና እስከ ተመለሰበት ድረስ፣ አንባቢው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየሄደ ታሪኩን ይፈጽማል። ኮሚክ የሚለው ስም ሳይሰማ ሥራው ነበረ ማለት ነው።

በዚያ አሣሣል ውስጥ ለዛሬው ሠዓሊ የሚጠቅም ብዙ ትምህርት አለ። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል በተወረሰው ልማድ፣ ደገኛው ሰው ሁለቱም ዐይኖቹ እንዲታዩ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ግን ወደ ጐን ዞሮ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። አንድ ሰው በታሪኩ መካከል ከክፋት ወደ ደግነት ቢመለስ፣ ፊቱ ከክፍል ወደ ክፍል ቀስ እያለ ወደ አንባቢው ሲዞር ማሳየት ይቻላል፤ አንዲት ቃል ሳይጻፍ መመለሱ ይታወቃል። ይህን የሚከለክል ሶፍትዌር የለም፤ በተዘጋጀው ዕቃ መካከል ግን ፈልጎ አያገኘውም። ሠዓሊው ራሱ ሊያመጣው ይገባል።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ የጥንቱን መገልበጥም መኰረጅ አይደለምን? ቢል ንግግሩ ከንቱ አይደለም። የሳባን ሥዕል ለውጭ ጐብኚ ለመሸጥ ሲሉ ያንኑ ክፍል በያንኑ ቀለም ለብዙ ዓመታት የደጋገሙ ሠዓልያን ነበሩ። መገልበጥ ከኮምፒዩተር ጋራ አልመጣም፤ በሸራም ላይ ነበረ። ስለዚህ የሚፈለገው የ44ቱን ሸራ በስክሪን ላይ እንደ ገና መሣል አይደለም። የቀድሞው ሠዓሊ ዐይንን ለምን አተለቀ፣ ክፉውን ለምን አዞረ ብሎ ምክንያቱን መማርና በአዲሱ ታሪክ ላይ ማዋል ነው። የጀምበር ሠዓልያን የአሜሪካውን ሥርዐት በሚገባ ተምረዋል፤ ይህን ሁለተኛ ትምህርት ቢጨምሩበት መጽሐፋቸው በኢትዮጵያ የመጣ ሳይሆን ከኢትዮጵያ የወጣ ይሆን ነበር።

ስለ ሥዕሉ ይህን ያህል ከተባለ ስለ ፊደሉም መናገር ያስፈልጋል፤ በኮሚክ ውስጥ ፊደል የሥዕሉ አካል ነውና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዐት ውስጥ በ1999 ገባ፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ይህ ችግር ቢቃለልም ሌላ ቀርቷል። በእንግሊዝኛ ኮሚክ ንግግሩ የሚጻፈው እንደ ልማዱ በትልልቁ ፊደል ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። ስለዚህ ጩኸት በአማርኛ ሲጻፍ በፊደሉ ውፍረትና በመጠኑ መገለጥ አለበት። ደግሞም አማርኛ ብዙ ቃል በአንድ ቃል ያጠቃልላል፤ «አላመነችውም» የሚለውን እንግሊዝኛ በአምስት ቃል ይናገረዋል። ረጅሙ ቃል ንግግሩ በሚጻፍበት ጠባብ ክብ ውስጥ አልገባ ሲል፣ ብዙዎች ፊደሉን አሳንሰው ዐይን ያደክማሉ። የጥንት ጸሐፊዎች ግን መፍትሔውን በብራና ላይ ትተውታል፤ ቃላትን በሁለት ነጥብ ይለያዩ ስለ ነበር፣ መሥመሩ ሲያልቅ ቃሉን ከየትም ቦታ ከፍለው ወደሚቀጥለው መሥመር ያሳልፉት ነበር፤ አንባቢውም አይሳሳትም። ይህ የተተወ ልማድ ለኮሚክ ጸሐፊ እጅግ የሚመች ነው።

የድምፅም ነገር እንዲሁ ነው። ጅራፍ ጧ ሲል፣ ጠመንጃ ዷ ሲል፣ በር ኳ ኳ ሲል፣ ውሃ ፏ ሲል አማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለው፤ እነዚህም በአንድ ፊደል የሚጻፉ ስለ ሆኑ እንደ ሥዕል በገጹ ላይ ተልቀው ሊቆሙ ይችላሉ። የእንግሊዝኛውን ድምፅ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ግን፣ ጆሮ ያልሰማውን ነገር እጅ እንዲጽፍ ማስገደድ ነው። በአማርኛ የሚወጣ ኮሚክ ሁሉ በዚህ ሊፈተን ይገባል።

አሁን ወደ አዲጋላው ልጅ እንመለስ ቢባል፣ ሌላ ነገር ይገለጣል። በሶማሌ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በሶማሊኛ ነው፤ ሶማሊኛም በ1972 በሶማሊያ ከጸደቀ ወዲህ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ለዚህ ልጅ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ የሚናገር ነው። እንግዲህ ባቡሩ እንደ ገና በፊቱ ያልፋል፤ አይቆምለትም።

ይሁን እንጂ አዲሱ መሣሪያ ለዚህ መድኀኒት አለው፤ እርሱም ከላይ የተነገረው ሌየር ነው። ፊደሉ በራሱ ገጽ ከተቀመጠ፣ ሥዕሉ ሳይነካ የአማርኛው ፊደል ተነሥቶ የሶማሊኛው ይገባል። አማርኛም ሶማሊኛም ኦሮምኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበቡ፣ የክፍሎቹ ተራ አይለወጥም። የጃፓን ኮሚክ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሲገለበጥ በቀኙ ጐራዴ የያዘው ሰው ግራኝ ሆኖ ይታይ ነበር፤ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች መካከል ግን እንዲህ ያለ ችግር የለም። የሚሆን ለመሆኑም ምስክር አለ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዳቪድ ሬቮይ በ2014 የጀመረውን ፔፐር ኤንድ ካሮት የተባለ የሥዕል ተረክ በክሪታ እየሣለ በነጻ ያወጣዋል፤ ፊደሉን ከሥዕሉ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ በጎ ፈቃደኞች ወደ ብዙ ቋንቋዎች መልሰውታል። በአዲስ አበባ የሚሠራ አሳታሚ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አዲስ ሠዓሊ ሳይሆን ጥሩ የሶማሊኛ ተርጓሚ ነው።

መተርጐሙ ግን መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። የአዲስ አበባን ወጣት ታሪክ በሶማሊኛ ያነበበ ልጅ፣ ነገ የአዲጋላን ግራርና ግመል፣ የአሮጌውን ሐዲድና ከ2018 ጀምሮ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ እጅ ለመሣል ይነሣ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከሶፍትዌሩ ማከማቻ የተዘጋጀ ግመል ከመውሰዱ በፊት፣ ከደጁ ወጥቶ የቆመውን ግመል ቢያይ ይሻለዋል። ጀምበር ለእንዲህ ያለው ልጅ በር ከፍቷል፤ ስለዚህም ጉድለቱ ሳይደበቅ ሊመሰገን ይገባዋል። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ደግሞ ብርዑን ከባሕር ማዶ ቢቀበሉም፣ አስተያየቱን ከአገራቸው፣ ቃሉንም ከአንባቢያቸው ቋንቋ ይውሰዱ።