የጎረቤቶች ዋንጫ፤ ስለ ምሥራቅና መካከለኛው አፍሪቃ የእግር ኳስ ውድድር የቀረበ ሒስ

በእኛ ተማሪዎች ዘንድ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ወደ 1962 ያመራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ቀጥሎም የተባበረችው የዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪቃን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ስላስቀረን መታወሱ የተገባ ነው። ነገር ግን በ2001 ኪጋሊ ላይ ኬንያን 2 ለ 1፣ በ2005 ደግሞ እዚያው ኪጋሊ አስተናጋጂቱን ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፈን ያመጣነውን የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪቃ ዋንጫ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። የ1962ቱ ድል በሁለት ግጥሚያ፣ በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት የተገኘ ነው። የኪጋሊዎቹ በሰው አገር የተገኙ ናቸው። ይህን የምለው የቀደሙትን ድል ለማሳነስ አይደለም። አንድን ውድድር «የሰፈር ዋንጫ ነው» ብለን የምንንቀው በምን ሚዛን መዝነን ነው? የንቀቱስ ዕዳ በማን ላይ ይወድቃል? ጥያቄዬ ይህ ነው።

በዕድሜ ከሆነ፣ የሚናቀው ዋንጫ ከሚከበረው ይልቅ ሽማግሌ ነው። የአፍሪቃ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር፣ የዚህኛው አባት የሚባለው የጎሴጅ ዋንጫ 31 ዓመት ሞልቶት ነበር። በ1926 ኬንያና ኡጋንዳ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳሉ ተገናኙ፤ በ1945 ታንጋኒካ፣ በ1949 ዛንዚባር ተጨመሩ። ጎሴጅ የተባለው የሳሙና አምራች ኩባንያ ነው፤ ዋንጫው ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። በ1967 አገሮቹ ነጻ ከወጡ በኋላ ስሙ ተለወጠ፤ በ1973 ደግሞ ሌሎች ጎረቤቶች ተጨምረውበት አሁን የሚታወቅበትን መልክ ይዞ ኡጋንዳ ውስጥ ሲደረግ ኡጋንዳ ራስዋ ወሰደችው። ከ2010 እስከ 2012 ድረስ ደግሞ የአንድ ቢራ ስም ተሸክሞ ነበር። ከሳሙና ወደ ቢራ የተደረገውን ጉዞ አንባቢ እንደ ወደደ ይተርጉመው፤ እኔ የማየው ግን ውድድሩ ከተወለደ ጀምሮ በሌላ ሰው ኪስ የሚኖር መሆኑን ነው።

የዚህን ውድድር ዋጋ ለመረዳት ወደ ዛንዚባር መመልከት ይበቃል። ደሴቲቱ በ1964 ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያ ብትባልም፣ በዚህ ዋንጫ ግን በራስዋ ቡድን፣ በራስዋ ስም ትሰለፋለች። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን አባል አይደለችም። የአፍሪቃ ኮንፌዴሬሽን በመጋቢት 2017 ተቀብሏት ነበር፤ ነገር ግን ራስዋን የቻለች አገር አይደለችም በሚል ምክንያት ከአራት ወር በኋላ በሐምሌ አስወጣት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኬንያ ውስጥ በተደረገው የጎረቤቶች ዋንጫ፣ ዛንዚባር የዋናውን ምድር የታንዛኒያን ቡድን 2 ለ 1፣ የዋንጫው ባለብዙ ድል የሆነችውን ኡጋንዳንም 2 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ከኬንያ ጋር 2 ለ 2 ተለያይታ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈች። ይህም እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በ1995 ኡጋንዳ ድረስ ሄዳ ኡጋንዳን 1 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወደ ደሴቲቱ ወስዳዋለች። የአፍሪቃ ዋንጫ በሩን የዘጋባት፣ የዓለም ዋንጫ የማያውቃት ቡድን ከእኩዮችዋ ጋር ለመመዘን ያላት መድረክ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ካመሰገንን በኋላ ግን ለነቀፋ እንመለስ። በሩን ለዛንዚባር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ በር የሌለው ቤት መሆን ሌላ ነው። በ1999 ሩዋንዳ አስተናጋጅ ሳለች ሁለት ቡድን አሰልፋ፣ ሁለተኛው ቡድንዋ በፍጻሜው ኬንያን 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ! በ2010 ደግሞ ታንዛኒያ በፍጻሜው ያሸነፈችው ከምዕራብ አፍሪቃ የተጋበዘችውን ኮት ዲቯርን ነው። ዛንዚባር ፓስፖርት ባይኖራት ሕዝብ አላት፤ ቡድንዋ ሲሸነፍ የሚያዝን፣ ሲያሸንፍ የሚዘፍን ሰው አላት። «የሩዋንዳ ሁለተኛ ቡድን» የሚባል አገር ግን የለም። የቡድን ቁጥር ለመሙላት ሲባል የተደረገ ነገር፣ ኬንያን የመሰለች አገር የአገር ውድድር ብላ የመጣችበትን ግጥሚያ ወደ ልምምድ ጨዋታ ለወጠው። ያሸነፉት ተጫዋቾች ጥፋት የለባቸውም፤ ጥፋቱ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ነው። በዚህ ዋንጫ ያሸነፉት ማላዊ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌም የደቡቡ ውድድር በ1997 ሲጀመር ጨዋታቸውን ወደዚያ አዙረዋል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ውድድሩ ቋሚ ቀጠሮ የሌለው መሆኑ ነው። በ2014 አስተናጋጅ እንሆናለን ያልነው እኛ ኢትዮጵያውያን ነበርን፤ ተውነው፤ ውድድሩም ሳይደረግ ቀረ። በ2015 በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር አስተናግደን ኡጋንዳ ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፋ ወሰደችው። በ2016 አልተደረገም፤ በ2018ም አልተደረገም። በ2019 ኡጋንዳ በሜዳዋ ኤርትራን 3 ለ 0 አሸንፋ አሥራ አምስተኛ ዋንጫዋን አነሣች። በ2021 ባሕር ዳር ላይ የተደረገው ደግሞ ከ23 ዓመት በታች ለሆኑት ነበር። የወጪው ሸክም በአስተናጋጁ ላይ ስለሚወድቅ፣ አንድ አገር እጁን ሲያነሣ ሁሉም ይበተናል። ከዚህም በላይ ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ክለቦች ተጫዋች እንዲለቁ ከሚገደዱበት ቀን ውጭ ስለሚደረግ፣ በውጭ አገር የሚጫወቱት አይመጡም።

አንዳንዶች «በአገር ውስጥ ለሚጫወቱት ከ2009 ጀምሮ የተለየ የአፍሪቃ ውድድር ስላለ ይህኛው ቢቀር ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ይህ የጠገበ ሰው አነጋገር ነው። ወደዚያ ለመድረስ ማጣሪያ አለ፤ ደካማው ቡድን በመጀመሪያው ዙር ደርሶ መልስ ሁለት ግጥሚያ ተጫውቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጅቡቲና ሶማሊያ የጎረቤቶችን ዋንጫ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡም፤ ሆኖም በምድብ ተደልድለው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ መጫወት፣ ዛሬ የተሠራውን ስሕተት ከነገ ወዲያ ማረም ምን እንደሚጠቅም አሠልጣኝ ሁሉ ያውቀዋል። ኡጋንዳ ባይደረግላት ሌላ ቦታ ትጫወታለች። ዛንዚባር የት ትሂድ?

በመስከረም 2023 የ2027 የአፍሪቃ ዋንጫ አዘጋጅነት ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ በአንድነት ተሰጠ። በ1926 የጀመሩት ሁለቱና በ1945 የተከተለቻቸው ታንጋኒካ ማለት ነው። ለትልቁ ዋንጫ ወጪን ለሦስት መካፈል ከተቻለ፣ ለትንሹ ለአሥር መካፈል የሚከለክል ነገር አይታየኝም። በየሁለት ዓመቱ በታወቀ ወር ይደረግ፤ ሁለተኛ ቡድን አይሰለፍ፤ ወጪውን አባል አገሮች ሁሉ እንደ ዐቅማቸው ያዋጡ። የ2014ቱ ቀጠሮ በእኛ እጅ የፈረሰ ነውና፣ መዋጮውን አስቀድሞ ለማስያዝ የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ቢጀምር መልካም ነው።