የከተማ መንገድ በምን ይመዘን?

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ «ከተማ አደገ» ሲባል በአብዛኛው የሚቆጠረው የሕዝቡ ብዛትና የቆዳ ስፋቱ ነው። መንገዶቹ እርስ በርስ መገናኘታቸው እምብዛም አይጠየቅም። ባሪንግተን-ሊ እና ሚላርድ-ቦል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ይህን ጥያቄ በዓለም አቀፍ ደረጃ አንሥቷል። እንደ ጥናቱ ከሆነ፣ ከ1975 ወዲህ በብዙ አገሮች በተሠሩ ሰፈሮች መስቀለኛ መንገድ እየቀነሰ፣ መውጫ የሌለው መንገድ እየበዛ መጥቷል። ቤት ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ የተቀየሰ መንገድ ግን በቀላሉ አይለወጥም።

ሥራው ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና መለኪያው ከካርታ የተቀዳ በመሆኑ አንድ ጉድለት አለበት። ይህንንም ሐርጌሳ ላይ እናየዋለን።

ሐርጌሳ በ1988 በሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖችና መድፎች ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈርሶ ነበር። ከ1991 በኋላ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጠለሉት ጭምር ሲመለሱ፣ ከቀድሞ ክልሏ አልፋ ሰፋች። መጠለያ ያጣ ሰው ደግሞ መንገድ እስኪቀየስለት አይጠብቅም።

ከተማዋን ማሮዲ ጄህ የተባለው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ሰውም መኪናም አሸዋውን ያቋርጣል። ጎርፍ ሲወርድ ግን ማለፊያው ድልድይ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ሐርጌሳ በበጋ አንድ፣ በዝናብ ጊዜ ሁለት ከተማ ናት፤ የካርታው ሥዕል ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ይበልጥ መሪር ነው። በ2022 ኤፕሪል 1 ሌሊት የዋሄን ገበያ ተቃጠለ። ወደ ገበያው የሚያስገቡት መንገዶች ጠባብ በመሆናቸው የእሳት አደጋ መኪናዎች መቸገራቸውን ባለሥልጣኖች ገልጸዋል። የብዙ ሺህ ቤተሰብ መተዳደሪያ የነበረው ገበያ ዐመድ ሆነ። በካርታ ላይ መስመር ከመስመር መገናኘቱ ለመኪናው መግቢያ አልሆነውም።

ከዚህ የምንረዳው መቆጠር ያለበት የመገናኛዎች ብዛት ብቻ አለመሆኑን ነው። ማን፣ በምን፣ በየትኛው ወቅት ያልፍበታል የሚለውም አብሮ መመዘን አለበት።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን የትምህርት ቤታቸውን አካባቢ ካርታ ያሥነሷቸው። ተማሪዎቹ መስቀለኛውን፣ ሦስት አቅጣጫ ያለውንና መውጫ የሌለውን መንገድ ለይተው ይቁጠሩ። ከዚያም ካርታውን ይዘው በእግራቸው ይውጡ፤ የእሳት አደጋ መኪና የማያልፍበትን፣ በክረምት የሚቋረጠውን መንገድ በቀይ ቀለም ያስምሩበት። ለቀበሌውም ሊታይ የሚገባው ይህ ቀይ መስመር ነው።